የሒሳብ ሰዎችም አፎቻ ያስፈልጋቸዋል

በሐረር ከተማ ሰው ሲሞት ወይም ልጅ ሲዳር የቤቱ ባለቤት ብቻውን አይቀርም። አፎቻው ይሰበሰባል። ወንዶቹ በወንዶች፣ ሴቶቹም በሴቶች አፎቻ ተደራጅተው አንዱ በገንዘቡ፣ አንዱ በጉልበቱ፣ ሌላውም በምክሩ ይደርሳል። በሌሎቹም የከተማው ነዋሪዎች ዘንድ ዕድርና ዕቁብ ይህንኑ የመረዳዳት ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። ስለዚህ የሐረርን ሰው ማኅበር ምን እንደሚጠቅም እናስተምርህ ብሎ መነሣት ድፍረት ይሆናል።

ነገር ግን ለሐዘንና ለደስታ ይህን ያህል የተደራጀ ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ በሥራው ብቻውን የሚውል፣ ቢሳሳት የሚያርመው፣ ቢታመም የሚተካው፣ ቢቸግረው የሚጠይቀው ባልደረባ የሌለው ሰው ቢገኝ ‹‹የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው›› የሚያሰኝ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገር የፈለግነው ስለዚሁ ሰው ነው። እርሱም ቢሮ ከፍቶ በግሉ የሚሠራው የሒሳብ ባለሙያ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በባንክ የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ አለቃ አለው፤ ባልደረባ አለው፤ የሥራውን ትክክለኛነት የሚመረምር ኦዲተርም አለው። ቁጥሩ አልገጥም ያለው እንደ ሆነ በአጠገቡ ወዳለው ጠረጴዛ ዞር ብሎ ‹‹እስቲ ይህን እይልኝ›› ይላል። አዲስ መመሪያ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ያስተምረዋል። ሲታመም ሌላው ሥራውን ይሸፍንለታል። በግሉ የሚሠራው ሰው ግን አለቃውም፣ ጸሐፊውም፣ መርማሪውም እርሱ ራሱ ነው። ጠያቂም መላሽም ሆኖ ይውላል። ራሱን በራሱ የሚያርም ሰው ደግሞ ስሕተቱን በሁለተኛውም ጊዜ እንደ እውነት አድርጎ ማንበቡ የተለመደ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ ያህል ወደ ሶፊ ብቅ እንበል። ሶፊ ከሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አንዱ ሲሆን፣ ከኤረርና ከድሬ ጠያራ ጋር ከሦስቱ የገጠር ወረዳዎች ይቈጠራል። በዚያ ወፍጮ ቤት ያለው፣ በጎንም እህል የሚነግድ አንድ ሰው አለ እንበል። ይህ ሰው የዕለት ገቢውን በተማሪ ደብተር ይጽፋል፤ ደረሰኙን በፌስታል ያከማቻል። ሐምሌ ሲገባ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ ሐረር ይመጣና ለሚያውቀው የሒሳብ ባለሙያ ያስረክባል። ከዚያም በኋላ ‹‹ግብሬ ስንት ደረሰ?›› ብሎ ከመጠየቅ በቀር ስለ ሌላው አያስብም። ማሰቡንም ለባለሙያው ትቶታል፤ የሚከፍለውም ለዚሁ ነውና።

በዚያ ዓመት የወፍጮው ሞተር ተቃጥሎ በአዲስ ተለውጧል። እንግዲህ ለአዲሱ ሞተር የወጣው ገንዘብ እንደ ጥገና ተቈጥሮ ሁሉም ከዓመቱ ገቢ ይቀነሳል? ወይስ ሞተሩ እንደ ቋሚ ንብረት ተመዝግቦ ዋጋው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት በእርጅና ተቀናሽ መልክ ይያዛል? ጥያቄው ለውጭ ሰው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባለሙያው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀንሶ የግብር መርማሪው ኋላ ባይቀበለው፣ ነጋዴው ልዩነቱን ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይከፍላል። ባለሙያው ፈርቶ መቀነስ የሚገባውን ሳይቀንስ ቢቀር ደግሞ ነጋዴው የማይገባውን ግብር ይከፍላል፤ መክፈሉንም እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። በሁለቱም መንገድ የሚጐዳው የሶፊው ባለ ወፍጮ ነው።

ይህንኑ ዓይነት ነገር ባለፈው ዓመት አይቶ፣ ከመርማሪ ጋር ተከራክሮ፣ መልሱን ያወቀ ሌላ የሒሳብ ባለሙያ ምናልባት ሁለት መንገድ ተሻግሮ በዚያው በሐረር ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል ያለው የአንድ ሲኒ ቡና ርቀት ነው። ቡናው ካልተጠጣ ግን ባለ ወፍጮው ይከፍላል።

ደግሞም ስሕተቱ ቀላል ዋጋ የሚያስከፍል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 በደነገገው መሠረት፣ ሊይዝ የሚገባውን ሰነድ ያልያዘ ግብር ከፋይ በዚያ ዘመን ከሚከፍለው ግብር ላይ 20 በመቶ ይቀጣል። ማስታወቂያውን በጊዜው ያላቀረበም ለዘገየበት ዘመን ባልተከፈለው ግብር ላይ 5 በመቶ እየተጨመረበት እስከ 25 በመቶ ሊደርስ ይችላል። አንድ ባለሙያ በሐምሌ ወር ታሞ አልጋ ቢይዝ፣ ደንበኞቹ ሁሉ ምንም ሳያጠፉ በአንድ ቀን ዘግይተው ሊገኙ ነው። ባለሙያው ቢሞት ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከፋል። ደብተሩ በየትኛው ሣጥን፣ ሰነዱ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ልጆቹ ቢሮውን ለማስለቀቅ ሲመጡ የሃያ ነጋዴ ሰነድ እንደ አሮጌ ወረቀት ሊታይ ይችላል።

ሐረር ለመዝገብ ባዕድ አይደለችም። ከተማይቱ በራሷ አሚሮች ትተዳደር በነበረበት ዘመን መሐለቅ የተባለውን ገንዘብ ታስመታ ነበር። የቡናና የቆዳ ነጋዴዎች ከባሕር ማዶ ይመጡባት ነበር። በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር የመጣው ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ የመጣው ግጥም ሊጽፍ ሳይሆን፣ መቀመጫው በዓደን በሆነ የንግድ ቤት ወኪልነት ሸቀጥ ሊገዛና ሊሸጥ ነበር። የመጀመሪያው ባንካችን፣ የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ሐረር ነበረች። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ብዙውን ንግድ ወደዚያ ቢያዞረውም፣ በሐረር ገበያ መግዛትና መሸጥ አልተቋረጠም። ንግድ ባለበት ሁሉ ደግሞ ብድር አለ፤ ብድር ባለበት መዝገብ አለ፤ መዝገብም ባለበት የሚታመን ጸሐፊ ያስፈልጋል።

ጸሐፊው በባሕርይው ብቻ ይታመን የነበረበት ዘመን ግን አልፏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አስገደደ፤ የአክሲዮን ማኅበሮችም ኦዲተር እንዲሾሙ አዘዘ። ይህ ሕግ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሮ በ2013 ዓ.ም. በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። በ2006 ዓ.ም. ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 ወጣ። በዚሁም መሠረት የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ በ2007 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 332 ተቋቋመ። ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎችንም አገራችን ተቀበለች። የግብሩም ሕግ እንደዚሁ ተለዋውጧል። በ2008 ዓ.ም. አዲስ የገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. አዲስ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341 ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የገቢ ግብሩ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሻለ። በእያንዳንዱ አዋጅ ሥር ደንብ አለ፤ በደንቡም ሥር መመሪያ አለ።

እንግዲህ አንባቢያችን ይፍረድ። ከጧት እስከ ማታ የሃያ ነጋዴ ደረሰኝ ሲለቅም የሚውል አንድ ሰው ይህን ሁሉ በምን ሰዓት አንብቦ፣ በምን ሰዓት አስተውሎ፣ ከማንስ ጋር ተመካክሮ ይጨርሰዋል? አምስት ሰዎች ቢከፋፈሉት ግን ለእያንዳንዱ አንድ አዋጅ ይደርሰዋል። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የተባለው ለዚህ ነው።

በአገራችን የሒሳብ ሙያ ማኅበር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ልናስታውስ እንወዳለን። በ1930ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለባንኮችና ለመሥሪያ ቤቶች የሒሳብ ሠራተኞችን ማፍራት ጀመረ። ከዚያም ንግዱና ኢንዱስትሪው ሲሰፋ፣ በ1965 ዓ.ም. ገደማ የሒሳብና የኦዲት ባለሙያዎች የሙያ ማኅበር ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ገና ሥር ሳይሰድ በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና ታላላቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። የግል ኦዲተር ደንበኛ ከየት ያግኝ? በ1969 ዓ.ም. የመንግሥት ድርጅቶችን የሚመረምር የኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽን በአዋጅ ተቋቋመ፤ የግሉም ሙያ ለረጅም ዘመን ቀዘቀዘ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ንግድ ሲመለስ ባለሙያውም ተመለሰ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የሙያ መተሳሰር አንድ ጊዜ ከተቋረጠ እንደ ገና ለመቀጠል ብዙ ዓመት የሚፈጅ መሆኑን ነው። ጽሕፈት ቤትና ማኅተም በአንድ ቀን ይገኛል። መተማመን ግን ከታች ጀምሮ የሚገነባ ነው።

ወደ ውጭ አገር የተመለከትን እንደ ሆነ፣ ሙያው የቆመው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለት ጎን ያለውን የሒሳብ አመዘጋገብ የቬኒስ ነጋዴዎች ሲሠሩበት ከኖሩ በኋላ መነኩሴው ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሒሳብ ሰው የሚባለው እያንዳንዱ በየቤቱ የሚሠራ፣ ማን ብቁ ማን ብቁ እንዳልሆነ የማይታወቅ ሰው ነበር። በ1853 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንበርግ ጥቂት የሒሳብ ሰዎች በደብዳቤ ተጠራርተው ተሰበሰቡ። በሚከተለውም ዓመት ማኅበራቸው ከንግሥት ቪክቶሪያ ቻርተር ተቀበለ። ዛሬ በዓለም ላይ ‹‹ቻርተርድ አካውንታንት›› የሚባለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ዓለም አቀፉም የሒሳብ ባለሙያዎች ፌዴሬሽን በ1977 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በሙኒክ ተቋቋመ። የባለሙያው ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብም በአምስት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ እነርሱም ሐቀኝነት፣ አለማዳላት፣ የሙያ ብቃትና ጥንቃቄ፣ ምስጢር መጠበቅ እና ለሙያው የሚገባ ጠባይ ናቸው። የኤድንበርጎቹ ሰዎች ሲጀምሩ ጥቂት ነበሩ፤ ይህንም የምንጠቅሰው በሐረር ጥቂት ነን ብሎ ማፈግፈግ ምክንያት እንደማይሆን ለማመልከት ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ‹‹በአዲስ አበባ ማኅበር አለ፤ ቦርድም አለ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?›› ይል ይሆናል። ቦርዱ ፈቃድ ይሰጣል፤ ይቈጣጠራልም። አገር አቀፍ ማኅበርም ትልቁን ጉዳይ ይዞ ከመንግሥት ጋር ይነጋገራል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በሐምሌ ወር አጋማሽ ስለ ሶፊው ሞተር ጥያቄ የገጠመው ሰው ለዓመታዊ ጉባኤ አይጠብቅም። ተቈጣጣሪውም ቢሆን ‹‹ይህ አልገባኝም›› ብለው በነፃነት የሚናገሩት ሰው አይደለም። አላዋቂነትን ያለ ኀፍረት የሚገልጡት ለእኩያ ነው። ስለዚህ እኛ የምንለው ሌላ ትልቅ ድርጅት ይጨመር አይደለም። በአንድ ከተማ ያሉ የሥራ እኩዮች እንደ አፎቻ በቅርብ ይተዋወቁ፣ ይጠያየቁ፣ ይደጋገፉ ነው።

ይህ የሙያ አፎቻ ምን ይሥራ ቢባል፣ ለመነሻ የሚሆኑ አራት ሥራዎች እናመለክታለን።

አንደኛው የጥያቄ ቀን ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት ተሰብስቦ እያንዳንዱ የገጠመውን አስቸጋሪ ጉዳይ ያቅርብ። መልሱ የተገኘ እንደ ሆነ በአጭሩ ይጻፍ፤ የተመሠረተበትም አንቀጽ ይጠቀስ። ‹‹እኔ እንዲህ አደርጋለሁ›› ማለት ብቻ መልስ አይሆንም፤ ሕጉ ምን ይላል የሚለው ነው የሚፈለገው። ስምምነት ያልተገኘበትም ጉዳይ ተለይቶ በኅብረት ለገቢዎች መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይቅረብ። ከአምስት ባለሙያዎች የመጣ አንድ ጥርት ያለ ጥያቄ፣ አምስት ሰዎች በየተራ በመስኮት ከሚያነሡት ጥያቄ ይልቅ መልስ ለማግኘት የተሻለ ዕድል አለው።

ሁለተኛው ንባብን መከፋፈል ነው። አዲስ አዋጅ ወይም መመሪያ በወጣ ጊዜ አንዱ አንብቦ ለሌሎቹ ያስረዳ፤ ሌሎቹም ይጠይቁት። ያስተማረ ሰው ሁለት ጊዜ ይማራል።

ሦስተኛው ሁለተኛ ዓይን ነው። አንድ ከባድ ሒሳብ ከመዘጋቱ በፊት፣ ደንበኛው ፈቅዶ፣ ሌላ ባለሙያ ይመልከተው። ሁለት ዓይን ካየው ይልቅ አራት ዓይን ያየው ይሻላል። እዚህ ላይ ግን ሥራን መለየት ያስፈልጋል። መዝገብ የሚይዝ ሌላ ነው፤ ከቦርዱ ፈቃድ ተቀብሎ ኦዲት የሚያደርግ ሌላ ነው፤ በታክስ አስተዳደር አዋጁ መሠረት ፈቃድ ያለው የታክስ ወኪልም ሌላ ነው። ማኅበር መግባት ፈቃድ አይሆንም። ዛሬ መዝገቡን የያዘ ሰው ነገ ያንኑ መዝገብ ልመርምር ቢል፣ ወይም ሁለት ወዳጆች አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያዩ ቢያጸድቁ፣ ያ መተጋገዝ መሆኑ ይቀርና መሸፋፈን ይሆናል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው መተካካት ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ ቢታመም ወይም ቢሞት ሥራውን ለጊዜው የሚይዝለትን ባልደረባ አስቀድሞ ይምረጥ። የደንበኞቹን ዝርዝር፣ ሰነዳቸው ያለበትን ቦታ፣ የሚያስፈራቸውንም ቀነ ገደብ ጽፎ በታሸገ ፖስታ ያስቀምጥ። ደንበኛውም ይህን ዝግጅት አስቀድሞ ይወቀው፤ ይፍቀደውም። አፎቻ የሟቹን ቤተ ሰብ እንዳይበተን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ የሙያ አፎቻም ሟቹ በአደራ የተቀበለውን መዝገብ እንዳይበተን ይጠብቅ። የሶፊው ባለ ወፍጮ ፌስታሉን ያስረከበው አንድን ሰው አምኖ ነው፤ አደራው ግን ከሰውየው ዕድሜ ጋር ማለቅ የለበትም።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። የመጀመሪያው ‹‹ደንበኛዬን ይነጥቀኛል›› የሚለው ሥጋት ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም አንልም። ሁሉም በአንድ ገበያ ላይ የሚኖሩ ናቸው። መፍትሔውም ቀላል ነው። ባልደረባውን ተክቶ የቆየ ሰው ባለቤቱ ሲመለስ ሥራውን ከነሰነዱ ያስረክብ፤ በዚያም አጋጣሚ ለራሱ ደንበኛ አይፈልግበት። ደንበኛው በራሱ ፈቃድ ሌላ ልምረጥ ቢል ግን መብቱ ነው፤ ነጋዴ እንደ ርስት የሚከፋፈል አይደለም።

ሁለተኛው የምስጢር ጉዳይ ነው። የነጋዴ መዝገብ ገበናው ነው። ስም ካልተጠራ ይበቃል እንዳይባል ሐረር ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ‹‹በቡዳ በር አጠገብ ያለው የቡና ነጋዴ›› ከተባለ ስሙ የተጠራ ያህል ነው። ስለዚህ ጥያቄ ሲቀርብ ስሙ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩም፣ የሸቀጡም ዓይነት፣ የገንዘቡም መጠን ይለወጥ። የሚፈለገው የሕጉ ነጥብ እንጂ የሰውየው ሀብት አይደለም። ለአስቸኳይ ጥያቄ በስልክ መጠያየቅ መልካም ነው፤ የደንበኛን ሰነድ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለብዙ ሰው መላክ ግን አደራ መብላት ነው።

ሦስተኛው ጊዜ የለንም የሚለው ነው። በእርግጥም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ላለው የግብር ወራት ስብሰባ ማብዛት አይቻልም። ነገር ግን ከኅዳር እስከ ሰኔ ስምንት ወር አለ። በወር ሁለት ሰዓት ቢሰጥ በዓመት አሥራ ስድስት ሰዓት ነው። አንድ የተሳሳተ ሒሳብ እንደ ገና ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል።

እኛ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የምንፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ማኅበሩ ከተቋቋመ በኋላ ለአባሎቹ ኪስ ብቻ የቆመ እንዳይሆን ነው። ነጋዴዎች ተሰብስበው የስኳር ዋጋ ሲወስኑ የምንቈጣ ሰዎች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች ተሰብስበው ‹‹ከዚህ ዋጋ በታች አንሠራም›› ቢሉ ዝም ልንል አንችልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም በተወዳዳሪዎች መካከል ዋጋ ለመወሰን የሚደረግን ስምምነት የሚከለክል ነው። እንደዚሁም ሁለት ደብተር ይዞ አንዱን ለግብር፣ ሌላውን ለባንክ ብድር የሚያዘጋጅ ሰው በመካከላቸው ቢገኝ፣ ጓደኛችን ነው ብሎ መደበቅ አይገባም። መጀመሪያ ይመከር፤ ካልሰማ ይለይ። አፎቻም ቢሆን ደንቡን ለጣሰ አባል ዝም ብሎ አያልፍም። ጓደኛን የማይገሥጽ ማኅበር ለሕዝብ የሚሰጠው ዋስትና የለውም።

ደግሞ ማኅተም፣ ሊቀ መንበርና የመሥራቾች ፎቶግራፍ ከሥራው በፊት እንዳይቀድሙ እናሳስባለን። በአገራችን ብዙ ማኅበር በመሥራች ጉባኤው ዕለት ተወልዶ በዚያው ዕለት የሞተው በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያ አምስት ሰዎች ለስድስት ወር ይገናኙ። መገናኘቱ የጠቀማቸው እንደ ሆነ በሕጉ መሠረት ይመዝገቡ። የመደራጀት መብት በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 የተረጋገጠ ስለሆነ በሩ ክፍት ነው። በድሬዳዋ ያሉትም ባልደረቦች 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቁ ስለሆኑ፣ ሁለቱ ከተሞች በየጊዜው ሊጠራሩ ይችላሉ።

ሌሎችም ድርሻ አላቸው። ከሐረር ብዙ ሳይርቅ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት የሚሰጥ እንደ መሆኑ፣ መምህራኑ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ መጥተው አዲሱን የሪፖርት ደረጃ ቢያስረዱ፣ ከባለሙያዎቹም በመጽሐፍ የማይገኘውን የገበያውን ሒሳብ ቢማሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ከኮሌጅ የወጣው ወጣትም ደረሰኝ በፌስታል ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚማረው ከነባሩ ባለሙያ ጎን ተቀምጦ ነው። የገቢዎች መሥሪያ ቤትም ማኅበሩን እንደ ተከራካሪ ብቻ ሳይሆን እንደ ረዳት ሊያየው ይገባል። ባለሙያው ሕጉን በትክክል ካወቀ ማስታወቂያው ተስተካክሎ ይቀርባል፤ ክርክርም ያንሳል።

ነጋዴውም ኃላፊነት አለበት። ሐምሌ ሲገባ ፌስታል ይዞ ከመምጣት ይልቅ ደረሰኙን በየወሩ ቢያስረክብ፣ ለባለሙያው ትንፋሽ ይሰጠዋል። ‹‹አንተ ብትታመም መዝገቤን ማን ይይዘዋል?›› ብሎ መጠየቅም ይገባዋል። ይህ ጥያቄ አለማመን አይደለም። ጥያቄው ከሶፊው ባለ ወፍጮ፣ ከጀጎሉ ሱቅ ነጋዴና ከገጠሩ የኅብረት ሥራ ማኅበር በተደጋጋሚ ከመጣ፣ ባለሙያዎቹ እርስ በርሳቸው ሳይፈላለጉ አይቀሩም።

በመጨረሻም በሐረርና በአካባቢዋ በግላችሁ የምትሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎች ሆይ፣ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። በመጪው ኅዳር፣ የግብሩ ሩጫ ጋብ ሲል፣ ከእናንተ አንዱ አራቱን ይጥራ። ቡናው ይፈላ። እያንዳንዱም በዚያ ዓመት ያስቸገረውን አንድ ጥያቄ ይዞ ይምጣ፤ ከመለያየታቸውም በፊት እያንዳንዱ የሚተካውን ሰው ይሰይም። ሥራው በዚህ ይጀመር እንላለን።